ልጄን ብዙ ሰው ሲይዛት እኔን ሳትለየኝ ትቀር ይሆን? ብላ ለጠየቀች እናት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ልጅሽ አምስት ወሯ ነው፣ በቅርቡ ስራ ትገቢያለሽ፣ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት እናትሽ፣ አንዲት ሞግዚት እና የ11 ዓመቷ የእህትሽ ልጅ እየተቀባበሉ ይይዟታል። አንድ ቪዲዮ ላይ ግን «እንደ ጥንቱ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ህፃን ከእናቱ ገላ አይለይም፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ልጅ እናቱን ለይቶ አያውቅም» ሲባል ሰምተሽ ደነገጥሽ። እውነት ነው ወይ፣ እየጎዳኋት ነው ወይ፣ የእህቴ ልጅስ ለዚህ አትደርስም ወይስ ትደርሳለች፣ ሞግዚቷን ከኔ አስበልጣ ብትወዳትስ ነው ያልሽው። ስለ ወተት አስተላለብና አቀማመጥም ጠይቀሻል።

የኔ ስራ ህፃናት በተለያዩ ማህበረሰቦች እንዴት እንደሚያድጉ እያነፃፀሩ ማጥናት ነው፣ እንደዚህ አይነት ቪዲዮም ስንቷን እናት እንደሚያስለቅስ ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። መልሱን ግን ከፊት ላስቀምጠው፦ እየጎዳሻት አይደለም። በአደንና በለቀማ ወይም በትንሽ እርሻ የሚኖሩ ሰዎች ዘንድ እናት ያለ ማንም እገዛ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግበት ቦታ አላገኘንም፣ እገዛው መብዛትና ማነሱ ነው የሚለያየው። ቪዲዮው ያወራው የአንድ ህዝብን ነገር ነው፣ እሱንም ከግማሹ ቆርጦ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምፅፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ያ አንድ ህዝብ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ የሚኖሩት ኩንግ ሳን ናቸው፣ ዛሬ ጁሆአንሲ እየተባሉ የሚጠሩት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ሜልቪን ኮነር የሚባል አሜሪካዊ እዛ ሄዶ ህፃናቱን ለረጅም ጊዜ እየተከታተለ መዘገበ፣ ያየውም ነገር በጊዜው ብዙ ሰው አስደንቋል፦ እናት ልጇን ጎኗ ላይ በማዘያ ይዛ ትውላለች፣ በሰዓት ውስጥ አራቴ ገደማ ታጠባዋለች፣ አንዱ ማጥባት ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ማታም አብሯት ይተኛል፣ ጡት የሚጥለውም ሶስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በዛው ሰሞን እንግሊዛዊው የአእምሮ ሀኪም ጆን ቦውልቢ የቁርኝት ቲዎሪውን እያወጣ ነበር፣ ህፃን ከአንድ ሰው ጋር፣ በዋናነት ከእናቱ ጋር፣ የተለየ ትስስር ይፈጥራል የሚለውን፣ እና ሁለቱ ነገሮች ልክ ለልክ ገጠሙ። እናቲቱና ህፃኑ፣ በቃ ሌላ ሰው የለም፣ ይሄ ነው የሰው ልጅ ጥንተ ተፈጥሮ ተባለ። ለሰው የቅርብ ዘመድ የሆኑት ቺምፓንዚዎችም ይሄንኑ ምስል አጠናከሩት፣ ምክንያቱም ቺምፓንዚ እናት ልጇን በመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም አትሰጥም።

ነገሩ ግን ከኩንግ ራሱ ዳታ ጋር እንኳን በደንብ አይሄድም። እዛም ቢሆን ህፃኑ ከሚታቀፍበት ጊዜ ከአምስት አንዱ እስከ ከአራት አንዱ የሚሆነው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ በአያት፣ በአክስት፣ በአባት፣ በትልልቅ ልጆች። ከዛም በላይ እናቲቱ እኮ ብቻዋን አልነበረችም፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ዙሪያ ሰው አለ፣ ልጇ ሲያለቅስ የሚያናግረው፣ የሚያሳስቀው፣ የሚቀበላት ሰው እጇን ብትዘረጋ ታገኘዋለች። አልቃሻነትን በተመለከተ በ1991 የወጣ ጥናት አለ፣ የኩንግ ህፃናት ማልቀስ የሚጀምሩበት ብዛት ከምዕራባውያን ህፃናት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ለቅሶው የሚቆይበት ጊዜ ግን ግማሽ ያህል ነው። ሁሉም ህፃን ያለቅሳል፣ የሚለየው ቶሎ የሚደርስለት ሰው መኖሩ ነው።

ከዛ ደግሞ ሌሎች ህዝቦች ሲጠኑ ስዕሉ ጨርሶ ተቀየረ። በኮንጎ ኢቱሪ ደን ውስጥ የሚኖሩትን ኤፌዎች ኤድዋርድ ትሮኒክ፣ ጊልዳ ሞሬሊና ስቲቭ ዊን አጥንተው በ1987 ያወጡት ፅሁፍ ለብዙዎቻችን አይን የገለጠ ነው። የኤፌ ህፃን ገና በተወለደበት ሰዓት ከሴት ወደ ሴት ይተላለፋል፣ የእናቱ ወተት እስኪመጣ ሌላ የምታጠባ ሴት ታጠባዋለች። ሶስት ሳምንት ሲሆነው ከጊዜው 39 በመቶውን ከእናቱ ውጪ ካለ ሰው ጋር ነው የሚያሳልፈው፣ 18 ሳምንት ሲሞላው ደግሞ 60 በመቶውን። አስቢው፣ 18 ሳምንት ማለት አራት ወር ማለት ነው፣ ካንቺ ልጅ ያነሰ ህፃን! በዛ ጊዜ ውስጥ አንዱ ህፃን በአማካይ 14 የተለያዩ ሰዎች ሲይዙት ታይቷል። እነዚህ ህፃናት እናታቸውን አጡ ወይ? አላጡም። ማታ የሚተኙት ከእናታቸው ጋር ነው፣ ወደ አንድ ዓመት ሲጠጉም ሲርባቸው፣ ሲፈሩ፣ ሲደክማቸው እናታቸውን መፈለግና ስትሄድ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ በ14 እጅ ውስጥ ያለፈ ልጅ ማለት ነው እንግዲህ።

ይሄን ስልሽ ኤፌዎችን «ትክክለኛው ተፈጥሮ» አድርጌ እንዳላቀርብልሽ እጠነቀቃለሁ፣ የቪዲዮው ስህተትም እሱ ነውና። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፓራጓይ ጫካ ውስጥ ይዘዋወሩ የነበሩት አቼዎች ህፃኑን በመጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ከእናቱ ገላ አያርቁትም ነበር፣ ምክንያቱም መሬቱ በእባብና በነፍሳት የተሞላ ነው፣ ልጅ የሚቀመጥበት ንፁህ ቦታ የለም። ታንዛኒያ ኢያሲ ሃይቅ አካባቢ ያሉት ሃድዛዎች ዘንድ ህፃኑ ከሚታቀፍበት ጊዜ 31 በመቶ ገደማው በሌሎች እጅ ነው። እንግዲህ አንዱ ጋ ጥቂት፣ አንዱ ጋ ከግማሽ በላይ፣ እንደ አካባቢው አደጋ፣ እንደ እናቲቱ ስራ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ብዛት ይለያያል። ሰው ሁኔታውን አይቶ ያስተካክላል፣ ህፃኑም ይለምዳል፣ ተፈጥሯችን ካልሽኝ ይሄ መላመዱ ራሱ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ደግሞ ለኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። ቺምፓንዚ በሁለት ወሊድ መሀል አምስት ስድስት ዓመት ትቆያለች፣ ልጇ ራሱን ችሎ መመገብ ሲጀምር ነው ሌላ የምትወልደው። በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ግን ክፍተቱ በአብዛኛው ሶስት አራት ዓመት ነው፣ የሰው ልጅ ደግሞ በአራት ዓመቱ ራሱን ሊችል ይቅርና ገና አስር ዓመት እና ከዛ በላይ ሰው ሊቀልበው የሚገባ ፍጡር ነው። ስለዚህ አንዲት እናት አንዱን አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ ሌላው ከኋላ እየተከተላት፣ ለሁሉም ምግብ ማምጣት አለባት። አንድን ልጅ ከውልደት ራሱን እስኪችል ለማድረስ የሚያስፈልገው ወደ 13 ሚሊዮን ካሎሪ ገደማ እንደሆነ ተሰልቷል፣ ይሄን አንዲት ሴት ብቻዋን፣ አባትም ቢጨመር ሁለቱ ብቻቸውን፣ ከጫካ ለቅመው አይችሉትም። ሳራ ሃርዲ የተባለችው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ለዓመታት የተከራከረችው እዚህ ላይ ነው፦ የሰው ልጅ ከሌሎቹ ትልልቅ ዝንጀሮዎች ተለይቶ በጋራ ልጅ የሚያሳድግ ፍጡር ሆኗል፣ ቶሎ ቶሎ መውለድም፣ ረጅም ልጅነትም የቻልነው ሌሎች ስለሚያግዙ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ገና ብዙ ክርክር ቢኖርም።

ህፃኑ ራሱ ለዚህ የተዘጋጀ ነው እኮ። የሰው ህፃን በሁለት ወሩ ፊት ለፊቱ ላለ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፣ አይን ያያል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ሰው ይጠራል። እናት ብቻ የምትይዘው ፍጡር ቢሆን ይሄን ያህል ሰው መማረክ ለምን ያስፈልገው ነበር? ኮትዲቯር የሚኖሩት ቤንጎች ዘንድ እናት ጠዋት ጠዋት ህፃኗን አጥባ፣ ቀባብታ፣ ፊቱንና ገላውን አስውባ ታወጣዋለች፣ አንዱ ምክንያት ሰው አይቶ እንዲወደውና ልያዝልሽ እንዲላት ነው፣ ምክንያቱም እሷ እርሻ መሄድ አለባት።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ካነሳሻቸው ሰዎች ሁሉ ብዙ ማስረጃ ያለው በሷ ላይ ነው። ክሪስተን ሆክስና ባልደረቦቿ ከ1980ዎቹ ጀምረው ሃድዛዎች ጋር እየሄዱ ማን ምን ያህል ምግብ እንደሚያመጣ ይመዝኑ ነበር። ያረጡ አሮጊቶች መቆፈሪያ እንጨታቸውን ይዘው ጠንካራ መሬት እየቆፈሩ ስራስር ሲያወጡ ይውላሉ፣ ከወጣቶቹ ሴቶች ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ። እና በ1997 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ እናት አዲስ ህፃን ስትወልድ ስራዋ ስለሚቀንስ ጡት የጣለው ትልቁ ልጅ ክብደት መጨመሩ ከእናቱ ድካም ጋር ሳይሆን ከአያቱ ድካም ጋር አብሮ ይሄዳል። ማለትም አያት በደንብ ከቆፈረች ልጁ ያድጋል። ሴቶች ካረጡ በኋላ ለምን ረጅም ዘመን እንደሚኖሩ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ከዚህ ነው የመነጨው።

ጋምቢያ ደግሞ ኢያን ማክግሬጎር የተባለ ሀኪም ከ1950 ጀምሮ በገጠር መንደሮች የሁሉንም ልጅ ውልደት፣ ክብደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል። ሬቤካ ሲርና ሩት ሜስ ይሄን መዝገብ አንስተው ሲመረምሩ፣ የእናት እናት በህይወት ያለችላቸው ልጆች ድክ ድክ በሚሉበትና ጡት በሚጥሉበት እድሜ የመሞት እድላቸው በግልፅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ የአባት መኖር አለመኖር ግን እዛ መንደር ላይ የሚታይ ልዩነት አላመጣም። ይሄ አባቶችን ለማሳነስ አይደለም። ሁለቱ ሴቶች በ2008 የ45 ህዝቦችን ጥናት ሰብስበው ሲያዩ የእናት ሞት በሁሉም ቦታ ህፃኑን ይጎዳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ የእናት እናት በአብዛኛው ቦታ ትጠቅማለች፣ የአባት ግን ከህዝብ ህዝብ በጣም ይለያያል።

እኛው ሀገር የተሰራም አለ። አርሲ ውስጥ በገጠር የኦሮሞ ቤተሰቦች ላይ ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ ያጠኑትና በ2005 የወጣው፣ እዛም የእናት እናት ያለችላቸው ልጆች የተሻለ ይተርፋሉ። ግን አያትየዋ ምን ስታደርግ ነው ብለው ሰዓቷን ሲከታተሉ ህፃኑን አቅፋ መዋሏ ሳይሆን ልጇ ቤት እየሄደች ከባድ ከባዱን የቤት ስራ መቀበሏ ነው ጎልቶ የወጣው። ይሄን ሁሌም ለእናቶች እናገራለሁ፣ አሁንም ላንቺ። ሰው ልርዳሽ ሲልሽ ህፃኗን መስጠት ብቻ አይምሰልሽ፣ አንቺን ከስራ ገላግሎ ልጅሽን ይዘሽ እንድትቀመጪ ማድረግም እገዛ ነው፣ እንደውም አንዳንዴ የሚበልጠው እሱ ነው። እናትሽ እቃ አጥባ፣ ልብስ አጥባ አንቺ ከስራ ስትመለሺ ሁለት ሰዓት በነፃነት ልጅሽን ብታጠቢና ብታጫውቺ፣ እናትሽ «ምንም አልያዝኳትም» ብትልም ትልቁን ስራ ሰርታለች።

በጥያቄሽ ውስጥ የልጅቷን አባት አላነሳሽውም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅምና አልገምትም፣ ካለ ግን እሱም ይቆጠር። መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ የሚኖሩትን አካዎች ባሪ ሂውሌት ሲያጠና አባቶቹ ከቀኑ 47 በመቶውን ህፃኑን ይዘው ወይም እጃቸው በሚደርስበት ርቀት ላይ ሆነው አገኛቸው፣ ባልና ሚስት አብረው በመረብ ያድናሉ፣ አብረው ይውላሉ፣ ልጁም በሁለቱ መሀል ነው። ሌላም አለ፦ ሃድዛ አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ስለሚውሉ የወንድ ሆርሞናቸው፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው፣ ልጅ ከሌላቸው ሃድዛ ወንዶች ያነሰ ነው፣ ጎረቤቶቻቸው ዳቶጋዎች ዘንድ ግን አባት ህፃን ብዙም ስለማይዝ ይሄ ልዩነት አይታይም፣ ጥናቱ በ2009 ነው የወጣው። የወንድ ገላም ለዚህ ስራ ይስተካከላል ማለት ነው፣ ከያዘ።

የ11 ዓመቷን ልጅ በተመለከተ ትንሽ ጠንቀቅ ልበል። ልጆች ህፃን መያዛቸው በዓለም ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ቶማስ ዋይስነርና ሮናልድ ጋሊሞር በ1977 የብዙ ማህበረሰቦችን መረጃ ሰብስበው ያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ ኬንያ ውስጥ ጉሲዎች ዘንድ ለምሳሌ ታላቅ እህት ህፃኑን ተረክባ መዋሏ የታወቀ ስራ ነበር። ፊሊፒንስ አግታዎች ዘንድ በቅርብ ዓመታት አቢጌል ፔጅና ባልደረቦቿ ሰዎቹ ላይ ትንንሽ መሳሪያ አስረው ማን ከማን ጋር እንደሚውል ሲለኩ፣ ልጆች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ቡድን ራሱ ለእናቶች ትልቅ እፎይታ እንደሚሰጥ አዩ። ግን አስተውይ፣ በነዚህ ሰፈሮች ልጅ ህፃን ይዞ ሲጫወት አዋቂ ሰው ድምፁ በሚሰማበት ርቀት ላይ አለ፣ ህፃኑ ከምር ሲያለቅስ ወደ ትልቅ ሰው ይመለሳል። በዝግ ቤት ውስጥ ብቻዋን ህፃን ታቅፋ ስድስት ሰዓት የምትውል የ11 ዓመት ልጅ ከዛ ጋር አንድ አይደለችም። ስለዚህ ታጫውታት፣ ትያዛት፣ ታሳስቃት፣ ለሷም ጥሩ ትምህርት ነው፣ ሀላፊነቱ ግን የአዋቂ ይሁን፣ ትምህርቷም ጥናቷም አይነካ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ስመለስ፣ ብዙ ሰው የያዘው ልጅ ቁርኝቱ ይላላል ወይ? የቁርኝት ጥናት እናት የምትባለው ሜሪ አይንስዎርዝ የመጀመሪያ የመስክ ስራዋን የሰራችው በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ባጋንዳዎች ጋር ነው፣ እዛ ያየቻቸው ህፃናት በብዙ ሰው ነበር የሚያዙት፣ ከእናታቸው ሌላ ከአባትም ከአያትም ከእህትም ጋር ይቆራኙ ነበር፣ የእናታቸው ግን አልቀረም። ከዛ ወዲህ የተሰሩትም ይሄንኑ ነው የሚያጠናክሩት። አካዎች ዘንድ አንድ ህፃን በቀን የሚያገኛቸው ተንከባካቢዎች ብዙ ናቸው፣ ሲፈራ የሚጠጋቸው፣ ሲሄዱ የሚያለቅስባቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፣ ከነዛም ውስጥ እናቱ አለች። ህፃን ሰው ይመርጣል እንጂ የያዘውን ሁሉ እኩል አያደርግም። የሚመርጠውም ሲጠራው የሚመጣለትን፣ ደጋግሞ የሚያየውን፣ አያያዙ የለመደውን ሰው ነው።

ቁርኝት የሚታይበት መንገድም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ይሄንን ካላወቅሽ ልጅሽን በተሳሳተ መለኪያ ልትለኪያት ትችያለሽ። ካሜሩን ውስጥ ንሶዎች ዘንድ ሂልትሩድ ኦቶ ስታጠና አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የማያውቁት ሰው ሲያቅፋቸው ብዙዎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ አላለቀሱም፣ እናቶቹም የሚፈልጉት ልክ ይሄንን ነው፣ ወደ ማንም የሚሄድ የተረጋጋ ልጅ። በሌላ ቦታ ግን ይሄ ልጅ «ከእናቱ አልተቆራኘም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ልጅሽ ስራ ስትሄጂ ባታለቅስ አልወደደችኝም ብለሽ አታንብቢው፣ የያዛት ሰው አያያዙ ስለተመቻት ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ሰው ከላይ ያልኩትን ይዞ «እንግዲያው ማንም ቢይዘው ምንም አይደል» ይላልና። አይደለም። በ2023 ኒኪል ቻውድሃሪና ባልደረቦቹ ኮንጎ ብራዛቪል ውስጥ የሚኖሩ የምቤንጄሌ ህፃናትን፣ በቁጥር 18 ናቸው፣ አጥንተው እንዳወጡት እነዚህ ህፃናት በቀን በአማካይ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በቅርብ ንክኪና በትኩረት ይያዛሉ፣ አንዳንዶቹ ከአስር በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ሲያለቅሱም ወዲያው ሰው ይደርስላቸዋል። ልብ በይ፣ ብዙ ሰው ለአንድ ህፃን ነው። ብዙ ህፃን ለአንድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንኳን ህጉ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ህፃናት በማቆያ ውስጥ አንድ ሞግዚት ከሶስት በላይ እንዳትይዝ ነው የሚያዘው፣ እሱም ከምቤንጄሌ ጋር ሲነፃፀር የተገለበጠ ነው። ስለዚህ እነዚህን ህዝቦች እየጠቀሱ አንዲት የደከመች ሞግዚት ስምንት ህፃን የምትጠብቅበትን ቦታ «የጋራ አስተዳደግ ነው» ማለት ትልቅ ማጭበርበር ነው። ያንቺ ቤት ግን እንደዛ አይደለም፣ ሁለት አዋቂና አንዲት ልጅ ለአንድ ህፃን፣ ማታ ደግሞ አንቺ፣ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው።

የነዚህ ሰዎች ኑሮ ገነት እንዳልሆነም ልበልሽ፣ በአደንና በለቀማ በሚኖሩ ህዝቦች ዘንድ ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ የሚጠጋው 15 ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር፣ በበሽታ በአብዛኛው። ክትባቱንም ሀኪሙንም ትተን እንደነሱ እንሁን የሚል ሰው ካገኘሽ አትስሚው። ሌላ ሴት ማጥባትንም እንዲሁ፣ ኤፌዎችም አካዎችም ያደርጉታል፣ በብዙ ህዝብ ዘንድም ነበር፣ ዛሬ ግን ኤችአይቪ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ ስለምናውቅ ሀኪም ሳያማክሩ የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ያንቺን ወተት አልበሽ ብታስቀምጪላት ይሻላል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ስራ ከመግባትሽ በፊት ሞግዚቷ አንቺ ባለሽበት ልጅቷን መያዝ ትጀምር፣ አንቺ እዛው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ፣ ልጅቷ የሷን ሽታና ድምፅ ካንቺ ጋር አያይዛ እንድትለምድ። አሁን አምስት ወር ላይ ብትጀምሪ ጥሩ ነው፣ ከሰባት ስምንት ወር አካባቢ ብዙ ህፃናት የማያውቁትን ሰው መፍራት ስለሚጀምሩ ያኔ አዲስ ፊት ማስለመድ ይከብዳል። ሰዎቹ አይቀያየሩ፣ ሶስት የታወቁ ሰዎች ከሆኑ ሶስቱ ይሁኑ። ለሁሉም አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ ስታለቅስ «ተያት ትልመደው» አይባልም፣ ቶሎ ይነሳላታል፣ እናትሽ በሌላ ልማድ ካሳደገችሽ እንኳን በፍቅርና በአክብሮት አስረጃት። ስትመለሺ ደግሞ መጀመሪያ እሷን አንሺያት፣ ማታም ጡቱ ካለ አጥቢያት፣ ሌሊቱ ያንቺ ይሁን፣ ብዙዎቹ ከላይ ያነሳኋቸው እናቶች ቀኑን ተካፍለው ሌሊቱን የራሳቸው ነው የሚያደርጉት።

እና ሞግዚቷን ብትወዳትስ? ትወዳታለች፣ ትውደዳት እንጂ! ቀኑን ሙሉ ከምትይዛት ሰው ጋር ካልተቆራኘች ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። ከሞግዚቷ ስትቀበያት ብትነጫነጭ ወይም ሞግዚቷን እማ ብትላት የሚያምሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናት ነሽ፣ ግን ካንቺ ተቀንሶ አይደለም ለሷ የተሰጠው። በተግባር ሊያሳስብሽ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ሞግዚቷ አንድ ቀን ትሄድ ይሆናል፣ ያኔ ልጅቷ የምታጣው ሰው ነው፣ ለአዋቂዎቹ የሰራተኛ ለውጥ ቢመስልም። ስለዚህ ሴትየዋን በደንብ ያዣት፣ ደሞዟንም እረፍቷንም አክብሪላት፣ ቶሎ እንዳትሄድ። መሄዷ ካልቀረም አዲሷ ገብታ ሁለቱ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት አብረው ይዋሉ፣ የለመደችው ሰው በአንድ ቀን ድንገት አይጥፋባት። በዛ ሰሞን እንቅልፏ ቢዛባ፣ አንቺ ላይ ብትለጠፍ፣ አትቆጫት፣ እናትሽም ያን ሰሞን ከወትሮው በላይ ብትይዛት ጥሩ ነው። ስለ ወተት አስተላለብና አቀማመጥ የጠየቅሽውን ግን የጡት ማጥባት ባለሙያ ብትጠይቂ ይሻላል፣ የኔ ሙያ አይደለም።